ግራ እግሩን ያነሣው አንበሳ

እትዬ ዘሀራ መሞታቸውን የሰማሁት ከአዳሚ ቱሉ ቅቤ ጭኖ ከመጣ ነጋዴ ነው። አዳማ ገበያ መሐል ቆሜ፣ ቅቤውን ገዝቼ የሰጠኝን መልስ አንድ በአንድ እገለብጥ ነበር። ሰውየው ትዕግሥቱ አለቀና፣

«አንቺም እንደዚያች እንደ ጨው ሻጯ ገንዘብ ታገላብጫለሽ? የአንድ እናት ልጆች ናችሁ እንዴ? እሷስ አረፈች፤ ከቀበርናት ወር አለፈ» አለኝ።

«የትኛዋ ጨው ሻጭ?»

«ዘሀራ ናታ! የወሎዋ።»

እጄ ላይ አራት መሐለቅ ነበር፤ አንበሳ የተቀረጸባት፣ አሁን ከገበያው እየጠፋች ያለችው ትንሿ የብር ገንዘብ። አራቱንም ጨብጬ ቆምኩ። ሐዘን ከመምጣቱ በፊት የመጣብኝ ንዴት ነው፤ ይህን ለመጻፍ አላፍርም። «እንግዲህ ልጅቷን ማን ይመልስልኛል?» ነበር ያልኩት፤ ያውም ድምፄን አውጥቼ። ቅቤ ነጋዴው ያበድኩ መስሎት ቅሉን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ።

እኔ የተማርኩት ጥቂት ነው። ቄስ አጎቴ ቤት ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ልጀምር ስል ተዳርኩ። ስለዚህ ነገሩን እንደሆነው በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ እንጂ አላሳምረውም።

ከልጅቷ፣ ከገበያነሽ በፊት ሁለት ወልጄ ነበር። ሁለቱንም ዓመት ሳይሞላቸው ንዳድ ወሰደብኝ። ሦስተኛዋን ያረገዝኩ ጊዜ እናቴ ከአገር ቤት መጣችና፣ «ይቺን ትሸጫታለሽ» አለችኝ። በእናቴ አገር ልጅ የማይበረክትላት ሴት የምትወልደውን ለጎረቤት ትሸጣለች። ሽያጩ የይስሙላ ነው፤ ልጁ ከእናቱ ቤት አይወጣም፤ ጡቷንም ይጠባል። ሞት መጥቶ በር ላይ ሲቆም ግን እናቲቱ «የእኔ አይደለም፣ የሰው ነው» ትላለች። ሰባት ዓመት ሲሞላው የተሸጠበትን ያንኑ ገንዘብ መልሳ ትገዛዋለች። እስከዚያ ድረስ «ልጄ» ማለት የለባትም። ልጁም «እማዬ» አይላትም፤ በስሟ ይጠራታል።

ለማን እንደምሸጣት ስናስብ እናቴ፣ «እስላም ቤት ይሻላል፤ ሞት የክርስቲያን ልጅ ፈልጎ እዚያ አይገባም» አለች። ከአጥራችን ወዲያ ያሉት እትዬ ዘሀራ ነበሩ። ባላቸው ሐዲዱ ሲዘረጋ ሊሠሩ ከወሎ ይዘዋቸው መጥተው እዚሁ አዳማ ሞተዋል። ልጅ አልወለዱም። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ጨውና በርበሬ ይሸጣሉ፤ ረጅም፣ ቀጭን ሴት ነበሩ፤ የቀኝ አውራ ጣታቸው ጥፍር ከበርበሬው የተነሣ ሁልጊዜ ቀይ ነው።

የአሥራ አምስት ቀን አራስ ሆኜ ሕፃኗን ታቅፌ ሄድኩ። ነገሩን ስነግራቸው ሳቁ።

«ሞት የአላህ ትእዛዝ ነው አንቺ! እንደ ኬላ ጠባቂ በር ላይ የሚታለል መሰለሽ?»

«እትዬ፣ ቢገዙኝ ምን ይጎዳዎታል?»

«አይጎዳኝም። ስንት ነው ዋጋዋ?»

«የፈቀዱትን።»

የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና ገንዘባቸውን መዳፋቸው ላይ ዘረገፉ። መርጠው መርጠው ከሁሉ የከፋችውን አወጡ። አንድ ጊዜ አንገት ላይ ተንጠልጥላ የኖረች መሐለቅ ናት፤ ከላይ ተበስታ ቀዳዳዋ በእርሳስ ተደፍኗል።

«ይቺን ማንም አልቀበል ብሎኝ ስድስት ወር ይዣት ዞሬያለሁ። አሮጌ ናት፤ እይው አንበሳውን፣ ግራ እግሩን ነው ያነሣው። አዲሶቹ ቀኛቸውን ነው የሚያነሡት። ለአንቺ ትበቃለች።»

ገንዘቧን ተቀበልኩ። እሳቸው ልጅቷን ተቀብለው ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር አንሾካሾኩና መለሱልኝ። «ስሟ ገበያነሽ ነው» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ልጅቷ የእኔ ናት። አንቺ ሞግዚት ነሽ። ልጄን በደንብ አጥቢልኝ፤ አለዚያ አባርርሻለሁ!»

አብረን ሳቅን። ያን ቀን መሳቄ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

እኔ ተጠንቃቂ ሴት ነኝ። ጎረቤቶቼ ፈሪ ይሉኛል። መሐለቋን በመጀመሪያ የጤፍ ጎታ ውስጥ ቀበርኳት። አይጥ ጎታውን ቢበሳውስ ብዬ አወጣሁና የጨው ማሰሮ ውስጥ ከተትኳት። ጨው ብር ይበላል ሲሉኝ ጣራው ሣር ውስጥ ሰካኋት። ዝናም መጣ፤ ጣራው ቢያፈስስ ብዬ አወረድኳት። በመጨረሻ ከራሴ የማትለይበት ቦታ ይሻላል አልኩና መቀነቴ ውስጥ ቋጠርኳት። መቀነቴ ውስጥ ደግሞ የገበያ ገንዘብ ነበር። አንድ ሐሙስ ገብስ ገዝቼ ቤቴ ስገባ፣ ቋጠሮውን ስፈታ፣ የለችም። ከፍዬባታለሁ። ለማን? ከዝዋይ ወገን ለመጣ ገብስ ሻጭ፤ መልኩን እንኳ አላስታውስም። ሰነፍ ሴት ብሆን ኖሮ ዛሬም ጎታው ሥር ትገኝ ነበር። መጠንቀቄ ነው ያጠፋት።

ለእትዬ ዘሀራ ለመንገር ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ስነግራቸው የሚሰፍሩትን ጨው አስቀመጡ። ከዚያ፣ «አንቺ ሞግዚት፣ ከደሞዝሽ አስቀራለሁ» አሉ። ቀጥለው ግን እጄን ይዘው፣ «አታልቅሺ። ገንዘብ ክንፍ የለው፤ ከዚህ አገር የት ይሄዳል? ቀኑን ሙሉ ገንዘብ የሚነካ እጅ እንደ እኔ ማን አለው? እፈልጋታለሁ» አሉኝ።

ፍለጋው በዚያ ሳምንት ተጀመረ።

ከዚያ ወዲያ እትዬ ዘሀራ ዘንድ ጨው መግዛት መከራ ሆነ። የሰጧቸውን መሐለቅ ሁሉ ያገላብጣሉ። በዚያ በቀይ ጥፍራቸው የአንበሳውን እግር ይዳስሳሉ። «ቀኝ ነው» ይሉና ይጥላሉ። ግራ ከሆነ ወደ ፀሐይ ያቀኑታል፤ ቀዳዳ ይፈልጋሉ። ባቡሩ ሊነሣ እያፏጨ፣ መንገደኛው «ቶሎ በይ እንጂ ሴትዮ!» እያለ ሲጮህ እሳቸው ግድ የላቸውም። ገዢው ጨውን ትቶ የሚሄድበት ቀን ብዙ ነበር።

ጫልቱ የምትባል ወተት ሻጭ አጠገባቸው ትቀመጥ ነበር። «አካም ዘሀራ፣ አንበሳው ያነክሳል እንዴ?» ትላቸዋለች።

«ያነክሳል። በየትኛው እግሩ እንደሆነ ነው የማየው።»

«ወጌሻ ጥሪለታ! የእኛንም ገዢ አባረርሽብን፤ ወተቴ ረጋ።»

«የረጋውን እርጎ ብለሽ ሽጪ፤ ትርፍ አመጣሁልሽ።»

ግራ እግሩን ያነሣ አንበሳ ባገኙ ቁጥር፣ ቀዳዳ ባይኖረውም፣ በሁለት አዲስ ይለውጡት ነበር። «ለምን?» ስላቸው «ዘመዶቿ ናቸው፤ አንድ ላይ ቢሰበሰቡ ትመጣለች» ይሉኛል። እንግዲህ ይህ ነገር ቀልድ ይሁን ቁም ነገር በምን ልወቀው? እኔ ቤቴ ተቀምጬ ቀን እቆጥራለሁ፤ እሳቸው የአንበሳ ዘመድ ይሰበስባሉ።

ልጅቷ አፍ ስትፈታ «እማ» ያለችው እሳቸውን ነው። እኔን «አስካለ» ትለኛለች። ሕጉ ይኸው ስለሆነ ማንንም አልወቅስም። ግን ጡቴን ይዛ፣ ቀና ብላ አይታኝ «አስካለ» ስትለኝ የሚሰማኝን የወለደች ታውቀዋለች። እትዬ ዘሀራም በአጥሩ ላይ ብቅ እያሉ፣ «ሞግዚት! ልጄ በላች?» ይላሉ። «በልታለች እትዬ።» «ፀጉሯንስ ማን ነው እንዲህ የጎነጎነው? ጆሮዋን ጎተትሽባት።» ወይ ጉዴ! አንዳንድ ቀን አጥሩን ነቅዬ ባቃጠልኩት እላለሁ።

ገበያነሽ ሦስት ዓመት ሲሆናት እትዬ ዘሀራ ከነጋዴዎች ጋር ወደ አዳሚ ቱሉ ሄዱ። የእህታቸው ልጅ ከድጃ እዚያ ተድራለች። «ገብስ ሻጩ ከዚያ ወገን አይደል የመጣው? ያን አገር ሳላይ አልተውም» ብለው ሁለት አህያ ጨው ጭነው ወጡ። እኔ ሃያ ሁለት ቀን እንቅልፍ አጥቼ ጠበቅሁ። ሲመለሱ መንገድ ላይ ሮጬ ተቀበልኳቸው።

«ተገኘች?»

አህዮቹን ሲያራግፉ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነበር። «አልተገኘችም» አሉ። ጭነቱን ፈትተው እስኪጨርሱ ዞር አላሉም። ከዚያ ለልጅቷ ያመጡላትን ቀሚስ አወጡ፤ ቢጫ፣ ደረቱ በቀይ ክር የተጠለፈ። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ልብስ ለብሳ አታውቅም። ቀሚሱን አይቼ ጥያቄዬን ረሳሁት። ሞኝ ነበርኩ።

ገንዘብ ማገላበጡን ግን አልተዉም። እንዲያውም ባሰባቸው።

ሰባት ዓመት ሞላት። ሁለት ዓመት ሙሉ እንቁላል ሸጬ አንድ ማርትሬዛ፣ የሴት ምስል የተቀረጸባትን ትልቋን ብር፣ አጠራቅሜ ነበር። ንጹሕ ልብሴን ለብሼ፣ ልጅቷን ቤት ትቼ፣ ወደ መደባቸው ሄድኩ።

«እትዬ፣ ሰባት ዓመት ሞላት።»

«ማሻአላህ።»

«ልገዛት መጥቻለሁ።»

«መሐለቋን አምጪያታ።»

«መጥፋቷን ያውቃሉ። ይኸው ሙሉ ብር።»

ተቀበሉኝ። እንደ ማንም ገዢ ገንዘብ የሴትየዋን የትከሻ ጌጥ በጥፍራቸው ነጥብ በነጥብ ቆጠሩ፤ አንከባለሉት፤ ድምፁን ሰሙ። ከዚያ መለሱልኝ።

«ደኅና ብር ናት። ደብቂያት። መቀነትሽ ውስጥ ግን እንዳትሆን።»

«እትዬ፣ አይቀልዱብኝ።»

«በመሐለቅ የገዛሁትን በብር ልሽጥ? ትርፈኛ መሰልኩሽ?»

«በርበሬውን እንደዚያ አይደል የሚሸጡት?»

ጫልቱ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። «ልማዱ ያንቺ ነው፤ እኔ አላወጣሁትም። ያንኑ ገንዘብ ነው ብለሽ የነገርሽኝ። ያንኑ አምጪና ውሰጃት።»

«ከየት ላምጣ? ሰባት ዓመት ሙሉ ያሉት መሐለቆች ሁሉ በእጅዎ አላለፉም? እኔ ከየት ልፍጠራት? ልጄ ናት! እኔ ነኝ የወለድኳት፣ ልጄ…»

አልጨረስኩም። ከመቀመጫቸው ዘለው ተነሥተው አፌን በእጃቸው ያዙት። እጃቸው በርበሬ ነበር፤ ከንፈሬ ተቃጠለ፤ ዓይኔም አለቀሰ። «ዝም በይ! ይሰማል!» አሉኝ። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። ያኔ ሞት እንደ ኬላ ጠባቂ አይታለልም ብለው የሳቁብኝ እኚያው ሴት ናቸው።

በአምስተኛው ቀን ልጅቷ ተንቀጠቀጠች። ንዳድ ነው። ባለቤቴ ሐዲድ ጥገና ላይ ነበር። ኪኒን የገዙት እሳቸው ናቸው፤ አራት ቀን መደባቸውን ዘግተው አልጋዋ አጠገብ የተቀመጡትም እሳቸው። ጨዋታ የለም፣ ቀልድ የለም። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ዓይኗ ወደ ላይ ሲዞር፣ ተነሡና በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት።

«አስካለ፣ ይቺ ልጅ የማን ናት?»

ስሜን ሲጠሩ ያን ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት። «የእርስዎ» አልኩ።

«ድምፅሽን ከፍ አድርጊ። ደጅ ይሰማ።»

«የእርስዎ ናት!»

«አንቺ ማን ነሽ?»

«ሞግዚት ነኝ! የሰው ልጅ ነው የማሳድገው!»

አመሻሹ ላይ ላብ አጠመቃት፤ ትኩሳቱ ወረደ። ኪኒኑ ይሁን ጩኸቴ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ «ልጄ» የሚለው ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። በልቤ እንኳ ስለው እፈራ ነበር።

አዲሱ ንጉሥ ከነገሡ በኋላ አዲስ ገንዘብ ወጣ። ነጭም ቀይም አለው፤ ሲነኩት ቀላል ነው። አሮጌው ተሰብስቦ ይቀልጣል የሚል ወሬ ጣቢያው ሁሉ ላይ ተወራ። እኔ ይህን ስሰማ የያዝኩትን ጣልኩ። እየሮጥኩ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ሊያቀልጧት ነው!»

«ማንን?»

«መሐለቋን ነዋ! አንድ ላይ ሰብስበው ያቀልጧታል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ዘላለም…»

«አትቀልጥም። ተቀመጪ፤ ውኃ ጠጪ።»

«በምን አወቁ?»

«አውቃለሁ» አሉ። ገዢ መጣ፤ የሰጣቸውን መሐለቅ ገለበጡ፤ «ቀኝ ነው» ብለው ጣሉት።

ባለፈው ዓመት ሳል ያዛቸው። ደረታቸው ስለደከመ ከድጃ ዘንድ ለመሄድ ወሰኑ። በቅሎ ላይ ሆነው ልጅቷን ወደ ላይ ስበው ሁለት ጉንጯን ሳሙ። ልጅቷ «እማ፣ እማ» እያለች እስከ ከተማው ዳር ተከተለቻቸው። ለእኔ፣ «ሞግዚት፣ አደራ» ብቻ አሉኝ። ከነጠላቸው ጫፍ ላይ ትንሽ ቋጠሮ ነበረች፤ በእጃቸው ጨብጠዋት ነበር። አየኋት። ምን እንደሆነች አልጠየቅሁም።

ቅቤ ነጋዴው መርዶውን በነገረኝ በሦስተኛው ሳምንት ከድጃ ራሷ መጣች። እንደ አክስቷ ረጅም ናት። ከተቀመጠች በኋላ ከደረቷ የተቋጠረ ጨርቅ አወጣች። ጨርቁን አውቀዋለሁ፤ የነጠላቸው ጫፍ ነው፤ ቆርጣ ነው ያመጣችው። ፈታሁት።

አንዲት መሐለቅ። አንበሳው ግራ እግሩን አንሥቷል። ከላይ ቀዳዳዋ በእርሳስ ተደፍኗል።

«‹ለሞግዚቷ ስጪያት› ብላኛለች» አለች ከድጃ።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«የት አገኟት? መቼ?»

«አላወቅሽም እንዴ? የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ እኛ አገር ጨው ይዛ የመጣች ጊዜ ነው። አንዲት ሴት ልጇ አንገት ላይ ልታስራት እርሳሱን ስትፈለቅቅ አክስቴ አገኘቻት። አልሸጥም ስትላት ሙሉ ብር ሰጠቻት። አክስቴ ያን ቀን ያለቀሰችውን ልቅሶ! እኔ ደስታ መስሎኝ ነበር።»

ዘጠኝ ዓመት። በሰባተኛው ዓመት ማርትሬዛዬን ይዤ ፊታቸው ስቆም፣ ይቺ መሐለቅ ከክንዴ ስንዝር የማይርቅ ነጠላ ላይ ታስራ ነበር። አፌን በበርበሬ እጃቸው ሲይዙት ታስራ ነበር። «የማን ናት?» ብለው ሲያስጮኹኝም ታስራ ነበር። እና ከዚያ ሁሉ በኋላ በየቀኑ ገንዘብ ሲያገላብጡ የነበረው ምን ይፈልጉ ነበር? ለእኔ ማስመሰላቸው ነው? ወይስ በዚያች በአንዷ ቋጠሮ ልጅቷ ትሄድብኛለች ብለው ፈርተው እጃቸው ማረፍ አቃተው? ቢኖሩ እሰድባቸው ነበር። የሞተ ሰው ይሰደባል?

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። «ከድጃ፣ አንቺ ወራሻቸው ነሽ። መሐለቋን ተቀበዪኝና ልጅቷን ሽጪልኝ። አንድ ጊዜ ‹ሸጥኩልሽ› በዪ፤ ይበቃኛል።»

ከድጃ ነገሩን ሳትረዳ ተቀበለችኝ። ገንዘቧን አየች፣ እኔን አየች። «ወራሽ ከሆንኩማ ልጅቷም የእኔ ናት፤ ይዣት ልሂድ?» ብላ ሳቀች።

ቀልድ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን እጄ አልሰማኝም፤ መሐለቋን ከመዳፏ ላይ መንጭቄ ወሰድኩ። ጥፍሬ ጫራት። ሁለታችንም አፈርን።

በዚህ መሐል ገበያነሽ ከወንዝ ገባች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እንስራውን አውርዳ ከድጃን ሳመች፤ የእማን መልክ ስላየችባት አለቀሰች። ከዚያ እጄን አየች።

«ይቺ ናት?»

«ናት።»

ወሰደቻት። የአንበሳውን እግር በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፤ ወደ በሩ ሄዳ ወደ ፀሐይ አቀናቻት፤ ልክ እንደ እሳቸው። «ትንሽ ናት» አለች፣ ቅር ብሏት። «የእኔ ዋጋ አይደለች? እኔው ጋ ትሁን።» ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረቻት። እንድትመልስልኝ ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ምን ብዬ እንደምጠራት ግን አላወቅሁም። ለማን ልክፈል? መልሰው የሚሸጡልኝ እትዬ ዘሀራ አፈር ገብተዋል። ገንዘቧ ያለችው ራሷ የተገዛችው ዘንድ ነው።

ከድጃን ሸኝተን ስንመለስ መንገድ ላይ ጠየቅኋት። «እንግዲህ እኔን ማን ትይኛለሽ?»

አሰበች። «እኔ እንጃ። ለምጄዋለሁ» አለች።

ዛሬም ገበያ ስወጣ መልሴን አገላብጣለሁ። ቀኝ ነው፣ እጥላለሁ። ግራ ሲሆን ወደ ፀሐይ አቀናዋለሁ፤ ከኋላዬ ያለው ሰው ይቆጣል። መገኘቷን አውቃለሁ። እጄ ግን አያውቅም።

«አስካለ!» ትለኛለች ገበያነሽ ከአጥሩ ማዶ፤ የእትዬ ዘሀራን ቤትና መደብ አሁን የያዘችው እሷ ናት። «አስካለ፣ በርበሬው አለቀ፣ አምጪልኝ!»

«አቤት» እላለሁ።